«መጀመሪያ ጠንክሪ» የሚለውን ምክር አትስሚ

ጂም የተመዘገበች ጀማሪ አሰልጣኟን «ፑል አፕ መሥራት እፈልጋለሁ» ስትለው የምታገኘው መልስ ቦሌም ሆነ ሳሪስ አንድ ነው። «እሱ ገና ነው፤ መጀመሪያ ጠንክሪ» ትባላለች። ከዚያ ጭኗን ከትራሱ ሥር አስገብታ ዘንጉን ከላይ ወደ ደረቷ ወደምትስብበት ማሽን ትወሰዳለች፤ ሦስት ዙር፣ በየዙሩ አሥራ ሁለት። ወር ወርን ሲተካ የክብደቱ ፒን ዝቅ እያለ ይሄዳል፤ እሷም በገባችበት ሰሞን ትስበው ከነበረው እጥፍ መሳብ ትጀምራለች። አንድ ቀን ደፍራ አግዳሚው ብረት ላይ ስትንጠለጠል ግን ክርኗ አልታጠፍ ይላታል። አሰልጣኙ አይገርመውም። «አላልኩሽም? ገና ነሽ» ብሎ ወደ ማሽኑ ይመልሳታል። ሰውነቱ ከበድ ያለ ወንድም ዕጣው ያው ነው፤ ለእሱ የሚጨመርለት «መጀመሪያ ክብደት ቀንስ» የሚለው ብቻ ነው።

ይህ ምክር በየጂሙና በየሜዳው፣ በትምህርት ቤት የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሳይቀር፣ እንደ ሕግ ተይዟል። ስህተት ነው። በክፋት የሚሰጥ ግን አይደለም፤ አብዛኛው አሰልጣኝ ጀማሪዋ እንዳትጎዳ፣ ሰው ፊት እንዳታፍር ብሎ ነው የሚመክራት። ለዓመታት ማንም ሳይጠይቀው የኖረውም በዚህ ደግነቱ ይመስለኛል። ሰው ከጠነከረ በኋላ የሚንጠለጠል ይመስለናል፤ ባሠለጠንኩባቸው ጂሞች ሁሉ ያየሁት ግን የተንጠለጠሉት ሲጠነክሩ ነው። የመጀመሪያዋን ፑል አፕ የሚፈልግ ሰው፣ ሴትም ይሁን ወንድ፣ ቀጭንም ይሁን ወፍራም፣ ብረቱን መጨበጥ ያለበት በተመዘገበበት ቀን ነው።

ፑል አፕ ከውጭ ሲያዩት የክንድ ሥራ ይመስላል። ትልቁን ጉልበት የሚሰጠው ግን ከብብት ጀምሮ እስከ ወገብ የሚወርደው ሰፊው የጀርባ ጡንቻ ነው። እሱም ብቻውን አይበቃም። ብራኳዎቹን ወደ ታችና ወደ ኋላ የሚጎትቱት የመሀል ጀርባ ጡንቻዎች ቀድመው ካልተነሱ ሰፊው ጡንቻ የሚደገፍበት መሠረት ያጣል። ሆድና መቀመጫ ጠበቅ ካላሉ እግር ይወዛወዛል፤ ጉልበቱ በመወዛወዝ ያልቃል። ጣቶችና የክንድ ጅማቶች ደግሞ መላውን ክብደት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሸከማሉ። ይህ ሁሉ ተቀናጅቶ በየተራው መነሳት አለበት፤ የሚያቀናጀውም የነርቭ ሥርዓት ነው። የነርቭ ሥርዓት የሚማረው ያሠሩትን እንቅስቃሴ ነው፤ የሚመስለውን አይደለም። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያገኘው ጥንካሬ በአብዛኛው ጡንቻው ስለወፈረ የመጣ እንዳልሆነ፣ አንጎሉ ያሉትን ጡንቻዎች በአንድነት ማዘዝ ስለለመደ እንደሆነ የስፖርት ሳይንስ ካወቀ ቆይቷል።

አሁን ማሽኑን እንየው። የተቀመጠችው ሴት ጭኗ በትራስ ተይዟል፤ መቀመጫዋ ወንበር ላይ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ዘንጉ ነው። ብረቱ ላይ የተንጠለጠለችዋ ግን ምንም የያዛት ነገር የለም፤ ብረቱ ባለበት ቆሞ የምትንቀሳቀሰው እሷ ናት። ማሽኑ ጀርባ አያጠነክርም አልልም፤ ያጠነክራል። ሆዷን አጥብቃ መያዝን፣ ክብደቷን በጣቶቿ መሸከምን፣ ከሁሉ በላይ ከዜሮ የሚነሳውን ያንን የመጀመሪያ የብራኳ ስበት ግን አያስተምራትም። በማሽኑ የራሷን ክብደት የሚጠጋ ኪሎ እየሳበች ብረቱ ላይ ግን ንቅንቅ ማለት ያቃታትን ሴት በዓይኑ ያላየ አሰልጣኝ ያለ አይመስለኝም። ታዲያ ሁሉም አይቶ ሲያበቃ የሚደርስበት መደምደሚያ «ገና አልጠነከረችም» የሚል ነው። ልምምዱ ሳይሠራ ሲቀር ጥፋቱ ለሴትየዋ ይሰጣል።

ላስቲኩም ከዚህ የተሻለ አይደለም፤ ብዙዎች ግን የተሻለ አድርገው ያዩታል። ላስቲክ አብዝቶ የሚረዳው አብዝቶ በተለጠጠበት ቦታ ነው፤ ያም ከታች፣ ክንድ ቀጥ ባለበት ነው። ወደ ላይ በወጡ መጠን ይላላል፤ አገጭ ብረቱን ሊያልፍ አራት ጣት ሲቀረው ጨርሶ ይከዳል። ስለዚህ ጀማሪዋ ከታች መነሳትን አትለምድም፣ የሚያስነሳት ላስቲኩ ነዋ። ከላይ ደግሞ ሳትዘጋጅበት ሙሉ ክብደቷ ይወርድባታል። ከወፍራሙ ላስቲክ ወደ ቀጭኑ ስትሸጋገር እድገት ይመስላል፤ ቀጭኑም ግን የሚገፋው ያንኑ እሷ መማር ያለባትን የመጀመሪያ ጋት ነው። ስትወርድ ዝግ እንድትል ብቻ ቢጠቀሙበት አልቃወምም። ዋና ልምምድ ሲሆን ግን ሰዎችን ለዓመት ያህል ባሉበት ያቆማል።

«ሳይንሱ ራሱ ሴቶች አይችሉም ብሏል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ብዙውን ጊዜ በአእምሯቸው ያለው፣ ምንጩን ባያውቁትም፣ በአሜሪካው ዴይተን ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ክብደታቸው ጤናማ የሆነ፣ አንድም ፑል አፕ የማይሠሩ 17 ሴቶችን መርጠው በሳምንት ሦስት ቀን ለሦስት ወር አሠለጠኗቸው። ሴቶቹ የክንድና የጀርባ ጡንቻቸውን በክብደት አጠነከሩ፤ በተዳፋት ነገር ላይ ተደግፈው ራሳቸውን ወደ ብረት የሚስቡበትን ቀለል ያለ ልምምድ ደጋገሙ፤ ስብ ለመቀነስም የልብና የሳንባ ልምምድ ጨመሩበት። በመጨረሻ የላይኛው አካላቸው ጥንካሬ በ36 በመቶ አደገ፤ የሰውነታቸው ስብ በ2 በመቶ ቀነሰ። ፑል አፕ መሥራት የቻሉት ግን 4 ብቻ ነበሩ። ኒውዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህን ሲጽፍ የተነሳው ሴቶች ፑል አፕ መሥራት የማይችሉት ለምንድን ነው ከሚል ጥያቄ ነበር፤ ወሬውም ዓለምን ዞረ።

እኔ ቁጥሩን ሳየው የሚታየኝ ሌላ ነው። በ36 በመቶ የጠነከሩ ሴቶች! ከእነሱ 13ቱ ብረቱ ላይ ሲወጡ ያ ሁሉ ጥንካሬ አብሯቸው አልወጣም። ጡንቻውን ለብቻው አጠንክረው፣ እንቅስቃሴውን በተቃለለ መልኩ ብቻ ነክተው፣ በመጨረሻው ቀን ሙሉውን ተጠየቁ። እኔ እንደምረዳው እዚያ የተፈተነው የሴት አካል ብቻ አይደለም፤ «መጀመሪያ ጠንክሪ» የሚለው ምክር አብሮ ተፈትኖ ከ17 ሰው 13ቱን ጣለ። አንባቢው ሁሉ ግን ልምምዱን ትቶ ሴቶቹን ፈረደባቸው። ከዜሮ ተነስተው በሦስት ወር የቻሉት አራቱስ? በዚህ ልምምድ እንኳ አራት መቻላቸው ርዕስ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ማስረጃ ተብዬ የሚመጣው ከአሜሪካ ማሪን ጦር ነው። በዚያ ጦር ወንዶች ቢያንስ ሦስት ፑል አፕ ሲጠየቁ ሴቶች ለአሥርት ዓመታት የሚፈተኑት አገጫቸውን ከብረቱ በላይ አድርገው፣ ክንዳቸውን እንዳጠፉ ባሉበት በመቆየት ነበር፤ ዝቅተኛው 15 ሰከንድ፣ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው 70 ሰከንድ። ጦሩ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ላይ ከጥር 2014 ጀምሮ ሴቶችም ሦስት ፑል አፕ እንዲሠሩ እንደሚጠየቁ አስታወቀ። ቀኑ ሲቃረብ በደቡብ ካሮላይናው ፓሪስ አይላንድ ማሠልጠኛ ሥልጠናቸውን ከጨረሱት ሴት ምልምሎች 55 በመቶው ሦስቱን መሥራት አልቻሉም፤ ውሳኔውም ተራዘመ። «ይኸው!» ተባለ።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። እነዚህ ልጆች ያደጉት በየትኛው ትምህርት ቤት ነው? በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በተለመደው የአካል ብቃት ፈተና ወንዱ ልጅ ፑል አፕ ሲሠራ ሴቷ ክንዷን አጥፋ እንድትቆይ ነበር የሚፈለግባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ብረቱ ላይ ስትወጣ ማንም «እስቲ ተነሺ» ብሏት የማያውቅ ወጣት ሴት ጦር ሠራዊት ገብታ ከሦስት ወር በኋላ ሦስት ጊዜ ተነሺ ተባለች። ክንድ አጥፎ መቆየቱ በራሱ ጥሩ ልምምድ ነው፤ እኔም አሠራዋለሁ። ጉዳቱ ያ የመጨረሻ ግብ መሆኑ ነው። እንዲህም ሆኖ 45 በመቶዎቹ አለፉ። ሦስት መሥራት ካቃታቸው መካከል ደግሞ አንድ ወይም ሁለት የሚሠሩ እንደሚኖሩ ግልጽ ነው፤ መለኪያው ሦስት ስለነበረ ግን «አይችሉም» ከሚባሉት ተቆጠሩ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ጦሩ ክንድ አጥፎ መቆየቱን አስቀርቶ ለሁሉም፣ ለወንድም ለሴትም፣ ፑል አፕ ወይም ፑሽ አፕ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ ሙሉ ነጥብ የሚገኘው ግን በፑል አፕ ብቻ ነው። ሴቷ ነጥብ ከፈለገች ብረቱን መልመድ ግድ ሆነባት። ትክክለኛው ማበረታቻ እንዲህ ያለው ነው።

የወንድና የሴት አካል አንድ ነው እያልኩ አይደለም። በአማካይ የሴት የላይኛው አካል ጥንካሬ ከወንዱ ግማሹን ጥቂት የሚያልፍ ነው፤ የስቧ ድርሻም ይበልጣል፤ ፑል አፕ ደግሞ የገዛ ክብደትን የሚያስነሳ ሥራ ስለሆነ ሁለቱም ይከብዷታል። እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ እውነት የሚከተለው ምንድን ነው? ትርፍ ጉልበት ያለው ወጣት ወንድ በተሳሳተ መንገድ ተለማምዶም በትርፉ ይወጣል። ማሽኑ ላይ ቢከርም፣ እግሩን ቢያወዛውዝም፣ ብራኳውን ባይዝም ይወጣል። ትርፍ የሌላት ሴት ግን ያላትን ጉልበት አንድም ሳታባክን መጠቀም አለባት፤ ለዚህም ከማንም በላይ ብረቱ ላይ ጊዜ የሚያስፈልጋት እሷ ናት። እኛ ነገሩን ገልብጠን ብረቱን ብዙም ለማያስፈልገው ሰጠን፤ ለሚያስፈልጋት ከለከልን። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ነው።

ደግሞ በዚህ ሀገር ተቀምጦ የሴት ክንድ ደካማ ነው ማለት ከባድ ድፍረት ነው። ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ከቦኖ አንስታ ጀርባዋ ላይ የምታዝል ልጅ በየገጠሩና በየከተማው ዳር አለች። ግንባታ ቦታ ቆም ብላችሁ ባሬላ የሚሸከሙ ሁለት ሴቶችን እጅ ተመልከቱ። እንጨቱን የያዙት አራቱ ጣቶች ቆልመም ብለው ደርቀዋል፤ አውራ ጣት ከላይ ተጭኗል፤ ከጣቶቹ ሥር ያለው መዳፍ መጅ አውጥቷል። ሞርታሩ ሲንጠባጠብ፣ የፊተኛዋ መወጣጫው ላይ ስታዘነብል፣ ጭብጡ አይላላም። ያንን ጭብጥ ብዙ የጂም ደንበኛ ወንድ አያገኘውም። ድካሟን እያሞገስኩ አይደለም፤ ለኑሮ ነው የምትሸከመው፤ ክፍያዋም ለድካሟ አይመጥንም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ባሬላ ከመሸከሟ በፊት «መጀመሪያ ጠንክሪ» ያላት ሰው የለም። ጥንካሬዋን ያገኘችው ከባሬላው ነው።

ዕድሜን ሰበብ ለሚያደርግ ደግሞ ደብረ ዳሞ አለልን። ወደ ገዳሙ የሚወጣው 15 ሜትር ገደማ ቀጥ ያለ ገደል በገመድ ነው። ሴቶች ስለማይፈቀድላቸው ስለ ሴት ምስክር አይሆንም፤ መነኮሳቱ እግራቸውን ዓለቱ ላይ እየተከሉ ስለሚወጡም ሥራው ፑል አፕ ነው ልል አልችልም። ግን ጢማቸው የሸበተ አባቶች ያንን ገመድ ይዘው ሲወጡ ያየ ሰው ክንዳቸው የት እንደሠለጠነ ይገባዋል። በሴት በኩል ምስክር ካስፈለገ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ሰርከስ ኮከብ የነበረችውን ሊሊያን ላይትዘልን እጠራለሁ። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰ፣ ሰውነቷ ቀላል የነበረች ሴት፣ በአንድ ክንዷ ተንጠልጥላ መላ አካሏን በትከሻዋ ዙሪያ ደጋግማ ታሽከረክር ነበር። የሰርከስ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ገመድና ቀለበት ላይ ነው ያደገችው።

ታዲያ ራሱን ማውጣት የማይችል ሰው ብረቱ ላይ ምን ይሠራል? ይወርዳል።

ጡንቻ ሊያነሳው ከሚችለው የበለጠ ክብደት በዝግታ ማውረድ ይችላል። ስለዚህ አንድም ጊዜ መውጣት ያልቻለች ሴት ስትወርድ መላ ክብደቷን፣ በትክክለኛው መንገድ፣ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ትሸከማለች። እንጀራ መጋገር የሚለመደው የጋለ ምጣድ ላይ ነው፤ ይህም እንዲሁ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከብረቱ ሥር የማይነቃነቅ ሳጥን ይቀመጣል። መዳፏን ወደ ፊቷ አዙራ በትከሻዋ ስፋት ትጨብጣለች፤ ይህ አያያዝ የፊተኛው የክንድ ጡንቻ እንዲያግዝ ስለሚያደርግ ለጀማሪ ይቀላል። ሳጥኑ ላይ ቆማ፣ ሳትዘል፣ አገጯን ከብረቱ በላይ ታደርጋለች። ከዚያ እግሯን ከሳጥኑ ታነሳለች።

የመጀመሪያው ሰከንድ ቀላል ይመስላታል። ክርኗ መከፈት ሲጀምር ክንዷ ይንቀጠቀጣል። ክርኗ ዘጠና ዲግሪ ላይ ሲደርስ፣ የላይኛው ክንድ ከመሬት ጋር ሲስተካከል፣ ብዙዎቹ እዚያ ላይ ይወድቃሉ፤ እንደ ተቆረጠ ገመድ ሆነው በአንድ ጊዜ ከታች ይገኛሉ። አሰልጣኝ የሚያስፈልገው ለዚያች ቦታ ነው። አጠገቧ ቆሞ «ብራኳሽን ወደ ወገብሽ ጎትቺ፣ ሆድሽን ያዢ፣ አትቸኩይ» ይላታል፤ እንደ አስፈላጊነቱ መዳፉን ከጀርባዋ ሥር ያደርጋል። በመጀመሪያው ቀን እዚያች ቦታ አንድ ሰከንድ ብትቆይ ትልቅ ነገር ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ትሆናለች። ከዚያ በታች ያለው ጉዞ፣ ክንድ ቀጥ እስኪል ድረስ፣ ችላ የሚባል ነው፤ ብዙ ሰው የመጨረሻውን ጋት ለቆ ይወርዳል። መልቀቅ የለባትም። ሁለት ሦስት ወር አልፎ ስትነሳ የምትነሳው ከዚያው የመጨረሻ ጋት ነውና።

በአንድ ቀን ከሦስት እስከ አምስት እንዲህ ያለ አወራረድ ይበቃል፤ በመካከሉ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሙሉ ዕረፍት። አሥራ ሁለት ድግግሞሽ የሚባለው ልማድ እዚህ ቦታ የለውም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀናቱ መካከል አንድ ቀን እየዘለሉ። ከአወራረዱ በፊት ክንድን ሳያጥፉ መንጠልጠልና ብራኳን ብቻ ወደ ታች እየሳቡ መልቀቅ ይመጣል፤ ትንሽ የምትመስል ይህች እንቅስቃሴ የፑል አፑ በር ናት። በእነዚህ ቀናት ማሽኑን መሥራት የፈለገ ከብረቱ በኋላ ይሥራው፤ ጡንቻ ይጨምርለታል። ቀድሞ ከሠራው ግን ብረቱ ላይ የሚደርሰው ደክሞ ነው።

በአሥር ሰከንድ የምትወርድ፣ በመሀል ስትታዘዝ ቀጥ ብላ መቆም የምትችል ሴት የመጀመሪያዋ ፑል አፕ ደጃፍ ላይ ናት። ለአንዷ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፣ ለሌላዋ ስድስት ወር፤ በክብደቷ፣ በዕድሜዋ፣ በእንቅልፏ ይለያያል። አንዷ ከተገኘች በኋላ ሥራው ይቀየራል። ፓቬል ጻጹሊን የተባለው የቤላሩስ ተወላጅ አሰልጣኝ በመጻሕፍቱ ያስፋፋው ዘዴ እዚህ ይጠቅማል፤ አቅም እስኪያልቅ ሳይደርሱ፣ ጥቂት በጥቂት፣ በቀን ውስጥ ደጋግሞ መሥራት። ጠዋት አንድ፣ ከሥራ ሲመለሱ አንድ፣ ማታ አንድ። ያም ዘዴ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ጥንካሬ የሚለመድ ነገር ነው።

የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ። የከበደው «ትከሻና ክርን ይጎዳል» የሚለው ነው። እውነት አለበት፤ በዝግታ መውረድ ከሌላ ልምምድ ይበልጥ ጡንቻ ያሳምማል፤ ያለ ልክ ከተሠራ የክርን ጅማት ይቆጣል። ስለዚህ ነው አምስት በቂ ነው ያልኩት፤ ስለዚህ ነው በየቀኑ አይሠራ የምለው። ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ፣ ወይም ክንዱን ከጭንቅላቱ በላይ ሲያነሳ የሚያመው ሰው አስቀድሞ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይይ። ሰውነቱ በጣም የሚከብድ ሰውም በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ክብደቱን አይልቀቅ። አንድ እግሩን ሳጥኑ ላይ አድርጎ፣ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እየተደገፈ ይውረድ። እግር ከላስቲክ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ከየትኛው ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚረዳ የሚወስነው ሰውየው ራሱ ነው፤ በየሳምንቱም መቀነስ ይችላል። «መጀመሪያ ክብደት ቀንስ» ብሎ ለዓመት ከብረቱ ማራቁ ግን ምንም ዓይነት ጥንቃቄ አይደለም። ክብደቱን እየቀነሰም ይንጠልጠል፤ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ነው እያንዳንዱ ኪሎ ሲወርድለት ሰውየው ለውጡን በእጁ የሚያውቀው።

«ትከሻሽ ይሰፋል» የሚለውን ብዙ ሴቶች ከእናቶቻቸውና ከጓደኞቻቸው ይሰማሉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አምስት ጊዜ የሚወርድ ሰው ትከሻው የሚሰፋ ቢሆን ኖሮ የየሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ስንት ዓመት ባልደከመ ነበር። ቢሰፋስ? ጀርባዋ ቀጥ ያለች፣ ራሷን ከፍ ማድረግ የምትችል ሴት የምታጣው ነገር አይታየኝም።

ሌላው ከጾም ጋር የተያያዘው ነው። «በጾም ጡንቻ አይገነባም፣ ከፋሲካ በኋላ ትጀምሪያለሽ» ይባላል። የእኛ የጾም ቀናት በዓመት ከ180 ያልፋሉ፤ ከግማሽ ዓመቱ ላይ የሚተኛ ምክር ምክር ሊባል አይችልም። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና አተር በበቂ መጠን የሚበላ ጿሚ ፕሮቲን ያገኛል። የመጀመሪያዋ ፑል አፕ ደግሞ ከወፈረ ጡንቻ ይልቅ የምትጠይቀው ልምምድ ነው። ባዶ ሆድ ላይ ከባድ ልምምድ የማይስማማው ሰው ከበላ በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይሥራ፤ ነገሩ በዚህ ይፈታል።

ጂም ከፍታችሁ ለምትሠሩ የምጠይቃችሁ ብዙ ወጪ የለውም። ከአግዳሚው ብረት ሥር ጠንካራ የእንጨት ሳጥን አስቀምጡ፤ በሁለት ቁመት ይሁን። ለጀማሪ የምትሰጡት የልምምድ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር መንጠልጠል፣ ሁለተኛው መውረድ ይሁን፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። አሰልጣኞቻችሁ ሴት ደንበኛ ብረቱ ሥር ስትቆም ወደ ማሽን ከመምራታቸው በፊት አንድ ጊዜ አውርደው ያሳዩዋት።

በየሰፈሩ ብረት የምታስበይዱ ወጣቶችም ስሙኝ። ሁለት ምሰሶ ተክላችሁ ከላይ የምታስበይዱት ቧንቧ ሁልጊዜ ልኩ ለረጅም ወንድ ነው፤ አጭር ሴት ለመጨበጥ መዝለል አለባት፣ የዘለለች ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ተወዛውዛ ነው የምትይዘው። በዚያው ምሰሶ ላይ በደረት ቁመት ሁለተኛ ቧንቧ አስበይዱ፤ ውፍረቱ ከ28 እስከ 32 ሚሊሜትር ከሆነ ለትንሽ እጅም ይመቻል። እዚያ ላይ እግሯን መሬት አድርጋ መሳብ፣ አገጯን ከላይ አድርጋ መቆየት፣ ቀስ ብላ መውረድ ትችላለች። የትምህርት ቤት የስፖርት መምህራን ደግሞ ወንዶቹ ፑል አፕ ሲሠሩ ሴት ተማሪዎቻችሁን ገመድ ዝለሉ ብላችሁ ወደ ዳር አትላኳቸው፤ ዝቅ ያለው ብረት ጋ አሰልፏቸው፤ ወንዶቹ በወጡበት ልክ እነሱ ይውረዱ፤ ነጥብም ስጧቸው።